ስም ከቁርጭምጭሚት በታች

ሰሞኑን ደሴ ላይ ሰው ስሙን እግሩ ላይ ማሳተም ጀምሯል።

አላጋነንኩም። ፒያሳ ላይ አንድ ልጅ አለ። እስከ አምና ድረስ የስልክ ከቨር ነበር የሚሸጠው። አሁን ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ወጥሮ ካልሲ ሰቅሏል። ካልሲዎቹ ስም አላቸው። ናቲ። ሚኪ። ኪያ። ሊዲያ። ቤቢ። አንዱ «አብሽር» ይላል። እሱ ስም አይደለም፤ ግን ደሴ ላይ በቀን ውስጥ ከማንም ስም በላይ ስለሚጠራ አልተቃወምኩም።

ካፊያ ነበር። ጥላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሳይ ልጁ ቀልጠፍ ብሎ መጣ።

«ጋሼ፣ የማንን ልስጥዎ?»

ደሜ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ካልሲ ሲገዛ የሚጠየቀው ቁጥር ነበር። ቢበዛ ቀለም። «የማን ነው?» የሚባለው የጠፋ በግ ነው።

«ይመር አለህ?» አልኩት። ልገዛ አይደለም። እንዲያው ለማወቅ ያህል።

ገመዱን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ሄደበት። «ይመር እንኳን የለም። ብዙም አይጠየቅም። ያቤጽ አለ፣ እሱ ይሁንዎ?»

ይሁንዎ! እንደ ሻይ ቅጠል። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን።

ወሎ ላይ ይመር አይጠየቅም! እስቲ ሰኞ ገበያ መሀል ቁምና አንዴ «ይመር!» ብለህ ተጣራ። ግማሹ ገበያ ይዞራል። ሙስሊሙም ይዞራል፣ ክርስቲያኑም ይዞራል። ሸክም የያዘው ሸክሙን አውርዶ ይዞራል። ያቤጽ ብለህ ተጣራ። ማን እንደሚዞር አያለሁ።

ማታ ልጄ ከኮምቦልቻ ስትደውል ይኼንኑ ነገርኳት። ስም የሚያህል ነገር ጫማ ውስጥ ይከተታል ወይ? ሲላብ ይውላል ወይ? ወልቆ አልጋ ስር ይወረወራል ወይ? ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ሰምታ ሰምታ፣ «አባዬ፣ የተናደድከው ስም እግር ላይ ስለሆነ ነው ወይስ ያንተ ስለሌለ?» አለችኝ።

«በመርህ ነው» አልኳት።

«እሺ አባዬ» አለች። ይቺን «እሺ» ያዙልኝ። ኋላ መዘዝ ታመጣለች።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድ ተረት ነበራት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ሌላም ታውቅ ይሆናል፤ እኔ ሲወጣም ሲወርድም የሰማሁት ይቺን ነው። የጎረቤት በለስ ሳወርድ ተይዤ ስመጣ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ሂሳብ ወድቄ ስመጣ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። አንድ ቀን እንግዳ ተጠርቶ ወጡ ሲያርባት፣ ድስቱን አቅፋ ለራሷ ስትለው ሰምቻታለሁ።

በልጅነቴ ተረቱን ቃል በቃል ነበር የምረዳው። ሰውየው ይቀበራል። ስሙ ብቻውን ከላይ ይቀራል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዝናብ እየመታው፣ ወጪ ወራጁን ሲያይ ይውላል። ያሳዝነኝ ነበር። ግን ቢያንስ ከላይ ነበር። ዘንድሮ ከቁርጭምጭሚት በታች ወርዶ አገኘሁት።

በካልሲ ነገር ፈረንጅ ቀድሞናል። አሜሪካን የመሩት ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ባለቀለም ካልሲ ወዳጅ ነበሩ። ባለቤታቸው ባርባራ ሲሞቱ መጽሐፍ የተደረደረበት ካልሲ አድርገው ቀብሩ ላይ ተገኙ፤ ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው እንዲያነብ ሲደክሙ የኖሩ ናቸው። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ እሳቸውም ተከተሉ። የተቀበሩት የጦር አውሮፕላኖች ተሰልፈው የሚበሩበት ካልሲ ተደርጎላቸው ነው፤ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩና። እንግዲህ የእናቴን ተረት እዚህ ላይ አምጡት። ስማቸው ከመቃብር በላይ፣ ካልሲያቸው ከመቃብር በታች። ሁሉም በየቦታው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት አከብራለሁ። የእኛ ልጅ ነው ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋቸው።

በስም ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሁለተኛ ገመድ አለው። «ይኼኛው የትዝታ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ክሩ የተዘረገፈ ካሴት። ባለክብ ቁጥር የቤት ስልክ። ኮንጎ ጫማ። ካልሲ ላይ ጫማ ስሏል! 

ልጁ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮንጎ ትዝ የሚለው ከየት አምጥቶ ነው? ስለ ኮንጎ እኔ ልንገረው። ኮንጎ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ሲወጣ እግር ይቀቅላል። ክረምት ሲገባ በጭቃ ውኃ ጢም ይልና በተራመድክ ቁጥር ጩቅ ጩቅ ይላል። ወደ ቧንቧ ውኃ ስንወርድ መምጣታችን ሳንታይ ነበር የሚታወቀው። በኮንጎ ላይ ካልሲ የሚያደርግ ልጅ ከክፍላችን አንድ ብቻ ነበር። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው።

እኔ ሁለት ጥንድ ነበረኝ፤ ለትልልቅ ቀን። ተረከዙ ሲቀደድ እናቴ የተቃጠለ አምፖል ካልሲው ውስጥ ትከትታለች። ቀዳዳውን በአምፖሉ ሆድ ላይ ትወጥርና ትጥፈዋለች። ቤታችን ውስጥ አምፖል ተቃጠለ ተብሎ ሥራ አይፈታም ነበር። ክሩ የተገኘው ነው። ጥቁር ካልሲ ላይ ቀይ ክር። አንገቱ ሲላላ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ታጠልቅበታለች። ማታ ስታወልቀው ቅልጥምህ ላይ ክብ ማኅተም ታትሞ ይቀራል። የካልሲ ትዝታ ይኼ ነው። እስቲ ያን ማኅተም ያትምልኝ።

ደግሞ ለወሎ ሰው ትዝታ ሊሸጥ! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አራቱ ቅኝቶች ማለት ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ስትወርድ የምታገኛት ናት። አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ ነው። ከአራቱ ሁለቱ የአገራችንን ስም ተሸክመው ነው ዓለም የሚዞሩት። ልጁ ይኼም አላመለጠውም። አንዱ ጥንድ ግራው ትዝታ፣ ቀኙ ባቲ። ሌላው ጥንድ ግራው አምባሰል፣ ቀኙ አንቺሆዬ።

«ታጥበው ቢቀላቀሉስ?» አልኩት።

«ሚክስ ይሆናል» አለኝ።

ከሁሉም የባሰው ግን አበበ ቢቂላ ነው። አበበን ካልሲ ላይ አትሞታል። ጎበዝ፣ አበበ ቢቂላን! ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ለአዲስ ዓመት ዶሮ ሲያስር፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባ ሰው ነው። ዓለም ያወቀው ካልሲ ባለማድረጉ ነው! ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ ደገመው፤ ሰዓቱንም አሻሻለ። ቢሆንም ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ሮሙ ነው።

ይኼን ሁሉ ለልጁ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለዚያ እኮ ነው ጋሼ። ስንት ዘመን ባዶ እግሩን። ካልሲማ ይገባዋል።»

መልስ አጣሁ። ደሴ ላይ ከሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ተከራክሮ መልስ ማጣት ከካልሲው ይብሳል።

ለአንድ ወዳጄ ቡና ላይ ነገርኩት። ቶናውን እየጠጣ፣ «አንተ ሰው፣ አይጠየፍ ያለበት ከተማ ተወልደህ ካልሲ ትጠየፋለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ሰው አይንቅም፣ ሁሉንም ያበላል ነው ነገሩ። ካልሲ ያበላል የሚል ግን አልሰማሁም።

ካልሲ ብለን ካነሳን ቃሉ ራሱ የጣልያን ነው። ጣልያን በኅዳር 1928 ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ፤ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ነበር። በሚያዝያ ከተማዋን ያዘ፤ አምስት ዓመት ተቀምጦ ሄደ። ትቶልን ከሄደው ውስጥ ፒያሳ፣ ማኪያቶና ካልሲ አሉ። ይኸው ዛሬ ፒያሳ ላይ፣ ከማኪያቶው ጎን፣ ካልሲ ይሸጣል። ጠላት ሲያቅድ የረጅም ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ስለ ካልሲ ላመስግን። ለንደን በሚገኝ ሙዚየም ከግብፅ መቃብር የወጣ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ። 1,600 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ሊበልጥም ይችላል። አውራ ጣቱ እንደ ሰንደል ጫማ ለብቻው ተከፍሏል። ለምን ቢባል ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲደረግ ነው። ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ «አባዬ፣ ነጠላ ጫማ በካልሲ ፋራ ነው» ስትለኝ ኖራለች። ፋራ ሳይሆን ጥንታዊ ነው። ፎቶውን ልኬላት እስካሁን አልመለሰችም።

እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች፣ ኮምቦልቻ ካልሲ አይፈልግም። ደሴ ክረምት ከበጋ ያንቀጠቅጣል። ሰው በካልሲ ተኝቶ በካልሲ ይነሳል። ከዚያ ሚኒባስ ይሳፈርና ሐረጎን ይወርዳል። በየጠመዝማዛው ሙቀቱ ይጨምራል። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታል። መስኮት የሚከፍት የለም፤ ብርድ ይመታናል ይባላል። ስም ታትሞበት ቢሆን ኖሮ የዚያ ሰውዬ ስም በመኪናው ሁሉ በታወቀ ነበር። ለዚህስ ይጠቅም ይሆናል።

ታች ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ልጁ የሚያትምበት ነጭ ካልሲ ግን ከቻይና ነው የሚመጣው። ቻይና ዳታንግ የምትባል «የካልሲ ከተማ» እስከመባል የደረሰች ቦታ አላት። የእነሱን ካልሲ ወደን የእኛን ስም እንጽፍበታለን። እሱንም ልክ ከጻፍነው።

ልክ ስለመጻፍ ካነሳሁ ያልሻረ ቁስል አለኝ።

በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያ መታወቂያዬን ላወጣ ከእናቴ ጋር ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል «ስም?» አለ። «ይመር አሊ» አልኩ። «መቼ ተወለድክ?» ሲል እናቴ ቀደመችኝ። «ክረምት ላይ ነው የኔ ልጅ። ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር።» ጦሳ በክረምት ጉም ያልለበሰበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ጸሐፊው ግን ምንም ሳይከብደው «ሐምሌ 1» ብሎ ጻፈ። ልደቴ የተወለደው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስሜን ደግሞ «ይማር አሊ» አለው።

ፊደሉን ልብ በሉ። መ እግር የላትም። ሁለት ክብ ሆና ቁጭ ያለች ፊደል ናት። ማ ስትሆን ነው በቀኟ አንድ እግር የምታወርደው። ጸሐፊው እጁ አምልጦት አንዲት እግር ጨመረልኝ። በዚያች እግር ተራምጄ ከሰው ስም ወደ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ይማር። ነፍስ ይማር። በአሥራ ስምንት ዓመቴ! ፍተሻ ላይ መታወቂያዬን አንብቦ «አሜን» ያለኝ ወታደር አለ።

ይታረምልኝ አልኩ። ማመልከቻ አምጣ። ሦስት ምስክር አምጣ። ቴምብር ለጥፍ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ያለው ሰው መስክ ወጥቷል። ነገ ና። አሥራ አንድ ወር! በአሥራ አንድ ወር ሰው ወልዶ ክርስትና ያስነሳል። መጨረሻ ላይ አዲሱን መታወቂያ ሰጡኝ። «ይመር አለ» ይላል። የእኔን እግር ሲቆርጡ የአባቴንም አብረው ቆርጠውት አሊ አለ ሆኗል። ቢያንስ መኖሬ ተረጋግጧል ብዬ ተውኩት። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ «እኔስ የለሁም ወይ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስቅም። አንድን ሰው «ስምህን እንዴት ነው የምትጽፈው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ጸሐፊው ያቺን ሰከንድ ቆጠባት። እኔ ዓመት ከፈልኩላት። በአንዲት ፊደል ጡረታው የቆመበት፣ የአባቱን ቤት ማስመለስ ያቃተው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ዛሬም ተቀምጧል። ጸሐፊው ስሙ ማን እንደሆነ አላውቅም። ደረቱ ላይ አልተጻፈም ነበር።

ወደ ካልሲው። ሐምሌ 1 ቀን ልጁ በራችንን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ የታዘዘ ነው። ተከፍሏል።» ሐምሌ 1ን በዓለም ላይ የምታከብረው ልጄ ብቻ ናት። እሺ አባዬ ብላኝ አልነበር?

ከፈትኩት። ግራው ላይ «ጋሼ» ይላል።

ቀኙ ላይ «ይማር» ይላል።

አርባ ዓመት! ያቺ እግር አርባ ዓመት ስትፈልገኝ ኖራ እግሬ ላይ አገኘችኝ።

ልጄ ልክ ነው የላከችው፤ ስልኳን አሳይታኛለች። የሳተው ልጁ ነው። ስልክ ላይ መን ነክተህ ስትይዛት ማ ከአጠገቧ ብቅ ትላለች፤ ጣቱ አለፈው። ቢታጠብ ይለቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ቅር አለው። «አይለቅም ጋሼ!» ከዚያ በኩራት ያስረዳኝ ጀመር። ስሙ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይታተማል። ወረቀቱ ካልሲው ላይ ተደርጎ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይጨመቃል። ቀለሙ ይተንና ክሩ ውስጥ ይገባል። ጥጥ ከሆነ አይዝም፤ ፖሊስተር ነው የሚሆነው። «ክሩ ካላለቀ እሱ አያልቅም» አለኝ። ቲሸርቱንም ኩባያውንም በዚሁ ነው የሚሠራው። በግማሽ ዋጋ ሌላ ላትምልዎ አለኝ። እምቢ አልኩ። በመርህ።

ለካሁት። የእኔ ባት ወፈር ያለ ነው። ሲለጠጥ ከስር ነጩ ክር ብቅ ብቅ ይላል፤ ፊደሎቹም ተራራቁ። ይ፣ ማ፣ ር። ለሕፃን ማስተማሪያ የተጻፈ መሰለ። ሆነም።

በሳምንቱ ሆጤ በኩል ለቅሶ ነበረብኝ። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። የታጠበው ሁሉ ገመድ ላይ እንደረጠበ ነው። ያገኘሁትን አጥልቄ፣ ጫማዬን አስሬ ሄድኩ። ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል? በራፉ ላይ ስደርስ የጫማው ክምር ጠበቀኝ። አገሩን ረስቼው። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃላ!

አወለቅኩ። እግሬን እየደበቅኩ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮ አይታጠፍም፤ ትንሽ ቆይቶ ሳላስበው ተዘረጋ። ፊት ለፊቴ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል። ፊደል የቆጠረው ዘንድሮ መሆን አለበት። ያየውን ሁሉ የሚያነብበት ዕድሜ ላይ ነው። ጎንበስ አለና በጣቱ እየጠቆመ ጀመረ።

«ጋ… ሼ…»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይ… ማ… ር። ጋሼ ይማር!»

ሟቹን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከጥግ አንዲት እናት፣ «ነፍስ ይማር ነው የሚባል የኔ ጌታ» ብለው ልጁን አረሙትና «አሜን» አሉ። ሴቶቹ ተከተሉ። ወንዶቹም። እኔም አሜን አልኩ። ምን ላድርግ?

ስወጣ የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ በር ድረስ ሸኘኝ። ዓይኑ እንባ አቅሯል። «ጋሽ ይመር፣ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅም» አለኝ። ዝቅ ብሎ ጫማዬን ሊያስርልኝ ሁሉ ቃጥቶታል። «የት ነው ያሳተሙት? ለአርባው ለቤተሰቡ ቲሸርት አስበን ነበር። ካልሲው ግን…»

ፒያሳ፣ ገመዱ ላይ፣ አልኩት። ሃያ አራት ጥንድ እንዳዘዙ ሰምቻለሁ። ልጁ አሁን ባየኝ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል።

የጀመርኩት ስም እግር ላይ ይጻፋል አይጻፍም ከሚለው ነበር። አይጻፍም። አሁንም በዚሁ ነኝ። ሰፋ አድርጌ ላስረዳ አስቤ ነበር፤ ግን መውጫ ሰዓቴ ደርሷል። ካፊያው ደግሞ አላቆመም። የደረቀ ጥንድ ፈልጌ ያገኘሁት ያንኑ ነው። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አድርጌ አጠለቅኩት። «ይማር ጋሼ» ይላል። ላስነጠሰ ሰው የሚባል ይመስላል።